«ጸለይኩበት» ካሉ ወዲያ

በአማርኛችን ክርክርን እንደ ጎራዴ የሚቆርጥ አንድ ቃል አለ፤ «ጸለይኩበት» የሚለው። ሰውዬው ቤቱን ሊሸጥ ነው እንበል። ሚስቱ ትቃወመዋለች፤ ወንድሙ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ያሰላለታል፤ ጎረቤቱ «ኧረ ተው» ይለዋል። እርሱ ግን ዐይኑን ወደ ጣሪያው አንሥቶ «ጸልዬበታለሁ፤ መልስም አግኝቻለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል? የሚናገር ሁሉ ከሰውዬው ጋር ሳይሆን ከፈጣሪው ጋር የተሟገተ ይመስልበታል። ይህ አነጋገር የትሕትና ቀሚስ የለበሰ ትዕቢት ነው ብል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ይቆጡ። እኔም ከተቆጣሁ ሰንብቻለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሬን ከወዲሁ እንዳታጣምምብኝ። ሙግቴ ከጸሎት ጋር አይደለም። እምነት ለሰው ልጅ ውሳኔ መሪ ሊሆን እንደሚችል፣ ሊሆንም እንደሚገባው አምናለሁ። የምከስሰው፣ እምነትን የማሰቢያ መንገድ ማድረግ ትቶ ከማሰብ ማምለጫ ያደረገውን ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ የአንድ ቤት ልጅ ብቻ አይደለም፤ መቋሚያ የያዘም አለ፣ ማይክሮፎን የጨበጠም አለ፣ በስልኩ መስኮት ሌሊት ሌሊት ትንቢት የሚቸረችርም አለ።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። ግእዙ «ለበወ» ይላል፤ አስተዋለ፣ ልብ አደረገ ማለት ነው። «ልቡና» የሚለው ቃላችን የተወለደው ከዚህ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት የሰውን ነፍስ ሲያብራሩ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ በሕይወት የምትኖር። እንግዲህ ማሰብ ለነፍስ ባሕርይዋ ከሆነ፣ ምእመኑን «አእምሮህን ደጅ ትተህ ግባ» የሚለው ሰባኪ የነፍሱን ሲሶ ከቅጥር ውጭ አስቀምጠህ ግባ ማለቱ ነው። በሁለት ሦስተኛ ነፍስ የሚገባበት መቅደስ ግን የትኛው እንደሆነ አይነግረንም።

ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ነው። ከደሴ በወልድያው መንገድ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ውኃው ይታያል። ገዳሙ የቆመበት ስፍራ ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዞ በእግር የሚገባበት ምላስ መሬት ሆኗል። ሴቶች አይገቡበትም። ከዳህና የተነሡት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እጅ ምንኵስናን ተቀብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደዚህ መጡ፤ በ1293 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም 45 ዓመት ያህል አስተማሩበት። እርሳቸው ጸሐፊም ነበሩ፤ ብራና የሚዳምጡ፣ ቀለም የሚበጠብጡ ሰው። ለገዳሙ የሰጡት፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት አራቱ ወንጌል በሀገራችን ጽሑፋቸው ዘመናቸውን ከሚነግረን ጥንታውያን ሥዕላዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። በዚያው ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የተሰጡት የሌሎቹ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቧል። ይህን ልብ ይሏል፤ የቅድስናው ስፍራ የመጻሕፍት ዝርዝር ነበረው።

አሁን ወደዚህ ስፍራ ከመጡት ደቀ መዛሙርት አንዱን እንይ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል እንደሚተርከው፣ በወጣትነታቸው አደን ላይ ሳሉ ቅዱስ ሚካኤል ተገልጦላቸው፣ ከእንግዲህ የሚያድኑት አውሬን ሳይሆን ሰውን እንደሆነ ነገራቸው። «ተነገረኝ» ለማለት ከዚህ የበለጠ መብት ያለው ማን ነው? በዘመናችን ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ አዳራሽ በተከራዩ፣ በሳምንቱ ባነር በተሰቀለ፣ በወሩ ቴሌቪዥን በተከፈተ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ ራእይ፣ ከሸዋና ከዳሞት ስብከትም በኋላ እስከ ሐይቅ ድረስ ተጉዘው በሌላ ሰው እግር ሥር ለዓመታት ተቀመጡ። ከዚያም አልፈው መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ወረዱ። ራእዩ ትምህርቱን አላስቀረላቸውም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለጥምጣም ነጋዴዎች ብቻ አይመስለኝም።

ተከራካሪዬ እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ታሪክ እንደሚያነሣብኝ አውቃለሁ። እርሱም የሐይቅ ልጅ ነውና። ትውፊቱ ይታወቃል፤ ሕፃኑ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት በገዳሙ ተቀምጦ ትምህርቱ አልገባ አለው፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሲያለቅስ ኖረ፤ በመጨረሻም ጽዋዐ ልቡናን ጠጥቶ ዐይነ ልቡናው በራ። «አየህ? በአንድ ሌሊት!» ይለኛል ተከራካሪዬ።

አየሁ። ግን ሰባቱን ዓመት ምን ልታደርጋቸው ነው? ልጁ እህል እየፈጨ ገዳሙን ሲያገለግል፣ ያልገባውን ትምህርት ሳይሸሽ በየማለዳው ወደ መምህሩ ሲመለስ የኖረባቸውን ሰባት ዓመታት ከታሪኩ ላይ ቆርጠህ ጽዋውን ብቻ ልትጠጣ ነው? የጽዋውን ስምም ተመልከት፤ ጽዋዐ ልቡና ነው። የተሰጠው ማስተዋል ነበረ። በተሰጠው ማስተዋልስ ምን ሠራበት? «ተገልጦልኛል፤ ዝም በሉ» አላለም። እ.ኤ.አ. በ1424 በተፈጸመው በመጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃን ያላቸውን ወገኖች አንድ በአንድ እያነሣ፣ ቃላቸውን እየጠቀሰ፣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ እያመሳከረ ተከራከረ። ራእይ ያየ ሰው ማስረጃ መቍጠር እንደማያሳፍረው ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ነገሩ በቅዱስ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ሰሎሞን በገባዖን የሻውን እንዲለምን በሕልም በተፈቀደለት ጊዜ የለመነው ሕዝቡን የሚዳኝበት አስተዋይ ልብ ነበረ፤ ተሰጠውም። ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈው ታሪክ የሁለቱ ሴቶች ክርክር ነው። ልጁ የማን እንደሆነ ለንጉሡ የነገረው ድምፅ አልነበረም፤ መልአክም ጣቱን አልቀሰረም። ንጉሡ የሁለቱንም ቃል ሰማ፤ የሁለቱንም ነገር በአፉ ደግሞ አጠራው፤ ሰይፍ አስመጣ፤ ሰይፉን ባየች ጊዜ የእናትየዋ አንጀት ምን እንደሚሆን ጠበቀ። ጸሎቱ ከችሎቱ አላሳረፈውም። የእኛ ዘመን ባለ ራእይ በዚያ ወንበር ቢቀመጥ ሕፃኑን በግንባሩ አይቶ «የቀኟ ሴትዮ ናት» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጉዳይ ባለፈ ነበር። ቢሳሳትስ? አይሳሳትም፤ ባለ ራእይ ተሳስቶ አያውቅም፤ እምነት የሚያንሰው ሁልጊዜ ባለ ጉዳዩ ነው።

«ሐዋርያት ዕጣ ጥለው የለምን?» ይሉኛል ደግሞ። ጥለዋል፤ የይሁዳን ስፍራ ለመሙላት። ግን አስቀድመው ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብሯቸው የነበረ ሰው መሆን እንዳለበት መስፈርት አወጡ፤ በመስፈርቱ መሠረት ሁለት ሰው መረጡ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ዕጣው የወጣው። ማንኛቸውም ቢደርሳቸው የሚበቁ ነበሩ። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ድረስ ፓትርያርኳን የምትመርጠው በዚሁ አኳኋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አቡነ ታዋድሮስ ሲመረጡ ዐይኑን የተሸፈነ ሕፃን ስማቸውን ያወጣው፣ በምርጫና በማጣራት ከቀሩት ሦስት ስሞች መካከል ነበረ። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ስም ከእንስራ ውስጥ አልከተቱትም! መጽሐፍ ቅዱስን ዐይኑን ጨፍኖ ገልጦ፣ ጣቱ ባረፈበት መስመር ሚስት የሚመርጥ ጎረምሳ ግን ማትያስን ይጠቅስብኛል።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ወደ እንጦጦ ልውሰደው። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሕሙማን በእንጦጦ ጠበል ዙሪያ ሰፍረው ነበር። «መድኃኒቱን ከወሰድክ እምነትህ ጎዶሎ ነው» የሚል ስብከት በዚያ ይሰማ ነበር። መድኃኒቱን የጣሉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሕሙማኑ ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። ለዚህ አዲስ ትምህርት አላስፈለጋቸውም፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ የሚያስተምር የቤተ ክርስቲያኒቱ መጽሐፍ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም በሙያው ሐኪም ነበረ። መጽሐፉ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ሰው ከጠበሉ አጠገብ መድኃኒቱን ሜዳ ላይ ይጥል ነበር። ያ ሰው የጎደለው እምነት አልነበረም። እምነቱ ያልተነበበ እምነት ነበረ።

የማየው ሁሉ ክፉ ብቻ ነው ካልኩ ግን እዋሻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው በሐይቅ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ አንድ አረጋዊ የነፍስ አባት ዘንድ ተራ እየጠበቅሁ ተቀምጬ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት እናት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አላወቁበትምና ነገራቸውን ሁሉ ሰማሁ። ልጃቸውን ወደ ዐረብ አገር ሊልኩ ነው። ደላላ ተገኝቷል። በስልክ የሚጸልይ አንድ «ነቢይ» ደግሞ ገንዘብ ተቀብሎ «በር ተከፍቶ አያለሁ» ብሏቸዋል። ከአባ የፈለጉት ምርቃት ብቻ ነበረ።

«እግዚአብሔር ያክብርሽ ልጄ» አሉ አባ፤ ቀጥለው ዝም አሉ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። «ደላላው ቤቱ ወዴት ነው?»

«እንጃ አባቴ፤ ስልኩ ነው ያለኝ።»

«ከዚህ ቀደም ማንን ልኳል? የላካቸውስ ደውለው ያውቃሉ?»

«እርሱን አልጠየቅሁም።»

«ገንዘቡንስ ከማን አገኘሽ?»

«በሬውን ሽጬ፤ የቀረውን ተበድሬ።»

አባ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጅቱስ ምን አለች?»

እናትየው አልመለሱም። ልጅቱን የጠየቃት አልነበረም። ነቢዩ ተጠይቋል፣ ደላላው ተጠይቋል፣ አበዳሪው ተጠይቋል፤ የምትሄደዋ ልጅ ግን አልተጠየቀችም።

አባ ሦስት ቀን ሱባኤ ሰጧቸው። «ግን በሦስቱ ቀን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ» አሏቸው። «ከማዶ ያለችው ሙስሊሟ ጎረቤትሽ ልጇ ከሳውዲ ተመልሳለች አይደል? ሂጂና ቡናዋን ጠጥተሽ የሆነውን ሁሉ ጠይቂያት። የደላላውን ቤት በዐይንሽ እዪ። ልጅሽን አስቀምጠሽ አነጋግሪያት። ከዚያ ትመጪና አብረን እንጸልያለን።» ምርቃቱን ለአራተኛው ቀን አቆዩት።

እኔ በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይህኛው ይበልጥብኛል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ፣ ከወሎ ገጠሮች የሄዱት ብዙ ነበሩ፤ ስለዚህ የአባ ጥያቄዎች ለሥነ ሥርዓት የተጠየቁ አልነበሩም። ልጅቱ በዚያ ደላላ በኩል አልሄደችም። ኋላ ሄዳለች፤ ውል ይዛ፣ ውሉንም የሚያነብላት ሰው አግኝታ። አባ ትንቢት ተናግረው አያውቁም። ጠየቁ፣ አዘገዩ፣ እናትየዋን ወደሚያውቁ ሰዎች ላኩ፤ ለዚያውም ሃይማኖቷ ወደ ተለየ ጎረቤት። ጸሎቱን ከዚህ ሁሉ ለይተው አላስቀመጡትም፤ ሱባኤውና የደላላውን ቤት ማየቱ በአንድ ሦስት ቀን ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ነገሬን እዚህ ላይ ባቆም የሐይቅን ሊቃውንት አሞግሼ፣ መሃይማኑን ነቅፌ የጨረስኩ እመስላለሁ። ታሪኩ ግን ይህን አይፈቅድልኝም። ትምህርትም ብቻውን ጆሮን ይደፍናልና።

የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር። ትውፊቱ ሹመቱን እ.ኤ.አ. በ1270 ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክና ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ቃል ኪዳን ጋር ያያይዘዋል፤ ዐቃቤ ሰዓቱ በቤተ መንግሥት ከንጉሡ ጆሮ እጅግ የቀረበ ሰው ሆነ። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላልና፣ ንጉሥ መካሪ ማግኘቱ መልካም ነው። መካሪውንስ ማን ይምከረው? እ.ኤ.አ. በ1400 የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ወደ ዐፄ ዳዊት ዘንድ ተጠሩ። ጥያቄው የቅዳሜ ሰንበት ነበረ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜንም ከእሑድ ጋር እናከብራለን አሉ፤ ከግብጽ የመጡት ጳጳስና የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠርቀ ብርሃን አይሆንም አሉ። ፊልጶስ ሐሳባቸውን ስላልለወጡ በሐይቅ ታሰሩ፤ አራት ዓመት። ያ የመጻሕፍት ዝርዝር ያለው ስፍራ፣ ያ የተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ ለአንድ መነኵሴ ግዞት ሆነ።

ከዚያስ? ከላይ ያነሣሁት የሐይቅ ልጅ አባ ጊዮርጊስ በመጽሐፉ ለሁለቱም ሰንበቶች ተከራከረ፤ ገዳሙ በሰንሰለት የመለሰውን ጥያቄ እርሱ በብዕር መለሰው። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት፣ ሁለቱ የግብጽ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት፣ የሰንበት ነገር ፊልጶስ እንዳሉት ሆኖ ተወሰነ። በግማሽ ምእት ዓመት ውስጥ እስረኛው ትክክል፣ አሳሪው ስሕተተኛ ሆኖ ተገኘ። (ጉባኤውን የሰበሰበው ንጉሥ ራሱ በሌላ ጉዳይ ደቂቀ እስጢፋኖስን እንዴት እንዳሠቃየ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ የንጹሓን ታሪክ እንዳልሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ደቂቀ እስጢፋኖስ ከሐይቁ እስጢፋኖስ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው።)

ሠርቀ ብርሃን አልጸለዩም ነበር የሚል አለ? እኔ አልልም። ሌሊቱን በሰዓታት፣ ቀኑን በጾም ያሳለፉ ሰው እንደ ነበሩ አልጠራጠርም። ሊቅም ነበሩ። ያጡት ነገር፣ «ይህ ሰው ምናልባት ትክክል ቢሆንስ?» የምትለውን ትንሽ ጥያቄ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ይህቺን ጥያቄ ለመጠየቅ አይገደድም፤ በሩን መዝጋት ይበቃዋልና። ዛሬም በየአጥቢያው፣ በየማኅበሩ፣ በየቦርዱ «ጸልየንበት ወስነናል» ተብሎ የሚነበበውን ቃለ ጉባኤ ስሰማ የፊልጶስ ሰንሰለት ድምፅ ይሰማኛል። ጸልያችሁ ይሆናል። የተቃወማችሁን ሰው ግን ሰማችሁት?

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ብዙ ያነበበ፣ ብዙ የሚያጨስ። ይህን ሁሉ ሳወራው «ታዲያ እምነቱን ለምን ጨመርከው? ማሰብ ብቻውን አይበቃም?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማሰብ ብቻውን ማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም ብዬ መለስኩለት። እናትየዋን ሦስት ቀን ያቆመቻቸው ሱባኤዋ ናት፤ ደላላው ለነገ ጠዋት ቀጥሯቸው ነበር። ፍርሃትና ጕጕት ሰውን ሲያጣድፉት ሎጂክ አብሮ ይሮጣል፤ እንዲያውም ለፈለጉት ነገር ማስረጃ ሲያቀብል ከሁሉ ይፈጥናል። «እኔ ፈጣሪ አይደለሁም፤ ልሳሳት እችላለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየቀኑ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚናገር ሰው፣ በትክክል ከተናገረው፣ ከመወሰኑ በፊት ሌላውን ለመስማት ከእኔና ከወዳጄ ይልቅ የተዘጋጀ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ነው ንዴቴ ከማያምነው ይልቅ በሚያምነው ላይ የሚበረታው። መሣሪያው እጁ ላይ ነው።

የትርጓሜ ቤታችንም ይህንኑ ልማድ በአንዲት ቃል ይዞታል፤ «አንድም»። መምህሩ አንዱን ንባብ እንዲህ ነው ብሎ ይፈታዋል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ይጨምርበታል፤ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን። ቃሉ ቅዱስ ነውና አንድ ፍቺ ብቻ ይበቃዋል አላሉም፤ ቅዱስ ስለሆነ ነው ያላሳጠሩት። በዚህ ቤት ያደገ ሰው፣ ትናንት ማታ ስላየው ሕልም «አንድም እራት አብዝቼ ይሆናል» ለማለት ይቸገራል?

በአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ወግ አለ። እንግዳ ሰው መጥቶ ዐውቃለሁ፣ አስተምራለሁ ያለ እንደሆነ፣ ከመናገሩ በፊት «መምህርህ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መነኰሳቱም የምንኵስናቸውን ትውልድ ከአባት ወደ አባት ይቈጥራሉ፤ ተክለ ሃይማኖት ብለው ኢየሱስ ሞዐ፣ ኢየሱስ ሞዐ ብለው ዮሐኒ እያሉ እስከ ግብጽ በረሃ እስከ አባ እንጦንስ ይደርሳሉ። ባለፈው ዓመት በአንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል የሰዎችን ጋብቻና ጕዞ፣ ቀዶ ሕክምናና ንግድ ከመድረክ ሲወስን ያመሸ አንድ ባለ ራእይ አጋጥሞኝ ነበርና፣ ጥያቄ ይፈቀዳል ሲባል እጄን አውጥቼ ይህንኑ ጠየቅሁት። ፈገግ አለና ማይክሮፎኑን ለመዘምራኑ ሰጠ፤ ከበሮውም ተመታ።